እናትሽ ያሳጠረቻቸው ቀሚሶች

አማኑኤል
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእስከዳር ደመላሽ
አማን፣ ዮርዳኖስ

የዓይኔ ማረፊያ እስከዳር፣ እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤ ሲጻፍ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ መጀመር ወግ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ላሟም ደህና ናት፤ ጥጃዋ ገመድ በጥሳ የጎረቤታችንን የሥራነሽን ጎመን ከመጨረሷ በቀር ጠባይዋ ጥሩ ነው። ስለ እናትሽ ግን ወጉን ትቼ እውነቱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ እኮ የእኔ አይደለም። የእኔ የነበረው የላክሽው ዕለት ብቻ ነው። እናትሽ ከረጢት ሰፍታለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ብቻ እኔን ታስይዘኝና ቅዳሴ እንዳለቀ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ደወለች?» ብላ ነው። ስትደውዪም ጉንጯን ከጉንጬ አስጠግታ ትሰማለች። እንዲህ ሆኖ ከአንቺ ጋር ለብቻችን ያወራንበት ቀን የለም። የሥራነሽ ልጅ ሕሊና በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ አገር ልትሄድ ነው ስትባል ደስ አለኝ፤ በእጇ እልከዋለሁ ብዬ ነው። አሁን እናትሽ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እኔ የእንጨት መሥሪያዬ ጥግ ሆኜ እጽፋለሁ። ሰው ቢያየኝ የበር ልኬት የምጽፍ ነው የሚመስለው።

ባለፈው «እማዬ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ተቀምጣ የምታናግረኝ? ተነሥታ ግቢውን እየዞረች ታሳየኝ እንጂ» ብለሽ ነበር። እኔም «እግሯን ደክሟት ነው» አልኩሽ። አንቺ በስልኩ የምታይው ፊቷን ብቻ ነው። ፊቷ ያው የድሮው ነው፤ እንዲያውም የተቆጣች ዕለት ከድሮውም ያምራል። ልትደውዪ ነው በተባለ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክልና ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ከወገቧ ኋላ ትራስ አደርግላታለሁ። ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፤ እጄ ደክሞት ዝቅ ካለ በዓይኗ ትቆጣኛለች። እስከዳር፣ እናትሽ ጎብጣለች።

መጀመሪያ ያወቅሁት በቀሚሷ ነው። ካቻምና ለፋሲካ የላክሽላት ሰማያዊ ቀሚስ መሬት ይጠርግ ነበር። «ልጄ ልኬን ረሳችው» ብላ ሳቀችና ጫፉን አጥፋ ሰፋችው። ብዙም ሳይቆይ የዘወትር ቀሚሷንም አሳጠረችው። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ጥበብ ከሣጥን አውጥታ፣ ያንን የመሰለ ጥለት እያጠፈች ስትሰፋ አገኘኋት። «ምን ሆኖ ነው?» ብላት «በማጠብ ብዛት ተለጥጦ ነው» አለችኝ። እኔ ታጥቦ ሲያጥር እንጂ ሲረዝም ያየሁት ጨርቅ የለም። ግን ከሴት ጋር ስለ ጨርቅ መከራከር አያዋጣም ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ መደርደሪያው ነው። ያ ከምድጃው በላይ የሠራሁላት፣ የበርበሬና የቅመም ዕቃዋን የምትደረድርበት፣ አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቆማ ስትንጠራራበት ደረስኩ። በገዛ ቁመቷ ልክ የሠራሁት መደርደሪያ ነው፤ ያኔ ከአጠገቤ አቁሜ እጇን አስዘርግቼ ነበር የለካሁት። በዚያው ዕለት ነቅዬ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ለምን ዝቅ አደረግኸው አላለችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ማታ በርበሬዋን ሳትንጠራራ አውርዳ ወጥ ሠራችልኝ፤ ሁለታችንም ስለ ጥጃዋ አወራን።

ካቻምና ክረምት «እጄን ወለም አለኝ» ያለችሽን ታስታውሻለሽ? ወለምታ አልነበረም፤ አንጓዋ ላይ ተሰብራ ነው። ጭቃ አንሸራትቷት በእጇ ተደገፈች። ወጌሻው አሰረላትና ዳነ፤ ሰው በጭቃ ወድቆ ቢሰበር ምን ይገርማል ብለን አለፍነው። ባለፈው ሰኔ ላይ ግን አልወደቀችም። ጋኑን ፈቀቅ ላድርግ ብላ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ውስጥ «ቀጭ» አለባት። ብርድ ነው ብለን ፌጦ በጥብጠን አጠጣናት። ለሳምንታት በአንድ ጎኗ ብቻ ተኛች፤ ስታስነጥስ እንኳ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ነው። በዚያ ሰሞን ስትደውዪ «ጉንፋን ይዟት ነው ድምፅዋ የደከመ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ያንኑ ወጌሻ ጠራሁት። አከርካሪዋን በጣቱ ከላይ ወደ ታች ዳበሰና መሐል ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ። «ይህስ መታሸት የለበትም፤ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዳት» አለኝ። በማግሥቱ ሚኒባስ ላይ የፊተኛውን ወንበር አስለቅቄ ወሰድኳት። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ «ቀስ በልልኝ የኔ ልጅ» ስትለው ሾፌሩ እንደ እንቁላል ጫኝ ሆኖ ነበር የሚነዳው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ያየቻት ሐኪም ሂዊ ትባላለች። በዕድሜ ካንቺ አትበልጥም፤ ገና ስገባ ሳያት ሆዴ ባባ። ራጁን በመብራት ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የሰው አከርካሪ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ነው፤ እያንዳንዱ ከፊትም ከኋላም እኩል ቁመት ሊኖረው ይገባል። የእናትሽ ግን ሁለቱ ከፊት በኩል ተሰባብረው ሟሽሸዋል። ከፊት ሳስቶ ከኋላ የወፈረ ነገር እኛ አናጺዎች ሽብልቅ እንለዋለን። ሽብልቅ በሽብልቅ ላይ ከደረደርሽ ወደ ፊት መዘንበሉ አይቀርም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቀሚሱም መደርደሪያውም።

«የአጥንት መሳሳት ይባላል» አለችኝ። «አባቴ፣ አጥንት ዝም ብሎ የቆመ ምሰሶ እንዳይመስልዎት። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ ይሠራል። በልጅነት የሚሠራው ይበልጣል፤ እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ጎተራው ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ካጠራቀምነው ላይ ነው የምንቀንሰው። ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ደግሞ የሚቀነሰው ይፈጥናል።»

«ምን ይቀንሰዋል? ማን ወስዶት?» አልኳት።

«ሰውነቷ ነዋ። ልብም፣ ጡንቻም፣ ደምም ካልሲየም የሚባል ነገር ይፈልጋሉ። ከምትበላው ካላገኙ ከአጥንቷ ይወስዳሉ። አጥንት እንቢ አይልም፤ እስኪያልቅበት ይሰጣል።»

ይህን ስትል እናትሽን አየኋት። እሷ ራጁን ሳይሆን የሐኪሟን ጫማ ነበር የምታየው።

ከዚያ ምግቧን ትጠይቃት ጀመር። «እናቴ፣ ወተት ይጠጣሉ?»

«የለም።»

«እርጎስ? አይብ?»

«የለም።»

እኔ ጣልቃ ገብቼ «ጨጓራ አለባት፤ ወተት አይስማማትም» አልኩ። ለዓመታት የነገረችኝ እሱን ነው። ሐኪሟ ታዲያ ወደ ጨጓራው ዞረች፤ መቼ መቼ ያቃጥልዎታል፣ ምን ሲበሉ ይብስብዎታል እያለች ስትጽፍ፣ እናትሽ መልስ አጠራት። ሐኪምን መዋሸት ለካ ባልን እንደ መዋሸት አይቀልም። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ጨጓራም የለብኝ» አለች። «ስለት ነው ያለብኝ።»

እስከዳር፣ ከማርቆስ መናኸሪያ የተሳፈርሽበትን ዕለት አስቢው። አውቶቡሱ ሲወጣ እኔ እንባዬን ላለማሳየት ሻንጣ ከሚጭነው ሰው ጋር አጉል ስነታረክ ነበር። እናትሽ በዚያች ደቂቃ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደብረ ወርቅ ዞራ «ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ልጄን በደህና መልሰሽ በዓይኔ እስካያት ድረስ የወተት ዘር በአፌ አይዞርም» ብላ ተስላለች። ኮንትራትሽ የሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ግማሹ ጾም ነው ብላ ነው የገባችበት። አንቺ ኮንትራቱን ስታድሺ እሷም ስለቱን እያደሰች ሰባት ዓመት ሆናት።

ላሟን የምታልበው እሷ ናት። እርጎውን የምትንጠው፣ አይቡን የምታወጣው እሷ ናት። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዶሮውን በቅቤ ሠርታ ለእኔ ታቀርብና እሷ «ጨጓራዬን» እያለች ጎመን በዘይት ስትበላ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አጥንት እግጥ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል። ሐኪሟ ዘንድ ተናድጄ «እኔን ባልሽን እንኳ አትነግሪኝም?» ብላት «ብነግርህማ ለእስከዳር ትነግራታለህ፤ እሷም ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ በስለት ጎትቼ አላመጣት» አለችኝ። ይኸው እንደ ፈራችው እየነገርኩሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሐኪሟ ወተቱ ብቻ አይደለም ብላለች። ዕድሜዋም አለ፤ እናቷም እንደዚሁ ጎብጣ እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ። እንጨቱና እንስራው፣ ከጓዳ አለመውጣቱ፣ በነጠላና በጋቢ ተጠቅልሎ ፀሐይ ሳያገኙ መዋሉ ሁሉ ተደምሮ ነው። «እናቴን የሰበርኳት እኔ ነኝ» ብለሽ ራስሽን እንዳትጎጂ። እንዲህ እንድትይ አይደለም የጻፍኩልሽ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ መድኃኒት ቤት ገባን። ያዘዘችላትን ኪኒን ልጁ ሲሰጣት አገላብጣ አየችና «ከምንድን ነው የተሠራው? ወተት አለበት?» አለችው።

«ኧረ የለበትም እማማ። ይሄኛው ከኖራ ድንጋይ ነው የሚሠራው።»

ትንሽ አሰበች። «ድንጋይ ጾም አይሽርም» አለችና ተቀበለችው። እኔም ልጁም ሳቅን፤ እሷ ግን የምሯን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ደመላሽ፣ ድንጋዬን አቀብለኝ» ትለኛለች። ሰሊጡንም ጎመኑንም ሐኪሟ እንዳለቻት ትበላለች። ስለቷን ካልነካባት ሁሉንም ትታዘዛለች።

የፀሐዩ ነገር ግን አስቸግሮን ነበር። ካልሲየሙን ሰውነቷ የሚይዘው በፀሐይ ነውና እጇንና እግሯን ገልጣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ትሙቅ ተብላለች። አማኑኤል ላይ ማን ባለትዳር ሴት ባቷን ገልጣ ደጅ ትቀመጣለች? «አንተ ነህ ሐኪሟን ያስባልካት» ብላ ጠረጠረችኝ። መጨረሻ ላይ ከጓሮው በኩል በባሕር ዛፍ ጣውላ ዙሪያውን ጋረድኩላት፤ ላይዋ ክፍት፣ ጎኗ ድፍን። ወንበሩን መደገፊያውን ቀጥ አድርጌ ሠራሁት። እሷ ውስጥ ትቀመጣለች፣ እኔ በሩ ላይ መዝጊያ እየላግሁ ዘበኛ እሆናለሁ። ሥራነሽ አንድ ቀን «ምን ደብቃችሁ ነው?» ብትል «ወርቅ» አልኳት። ቤት ውስጥም የምታደናቅፋትን የጓዳ ደፍ አነሣኋት፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ ድረስ የምትይዘው መደገፊያ እንጨት በግድግዳው ላይ መታሁላት። ሌሊት ስትነሣ እጇ በእንጨቱ ላይ ሲሄድ እሰማለሁ፤ እስክትመለስ አልተኛም።

አንድ ጠዋት ከራሴ ጋር ክፉኛ ተጣላሁ። አጥሚት አፍልቼላት ነበር። ወተቱ በጣሳ አጠገቤ አለ፤ ገና ትኩስ ነው። ብጨምርበት በገብሱ ይሸፈናል፣ ቀምሳ አታውቅም፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው አልኩ። ጣሳውን አንሥቼ ከድስቱ አፍ አደረስኩት። ከዚያ አሰብኩት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለአንቺ ብላ የተሸከመችውን ነገር እኔ በአንዲት ጠዋት ውሸት ላፈርስባት ነው። ወተቱን ራሴ ጠጣሁትና አጥሚቱን እንዲሁ ሰጠኋት። «ዛሬ ጣፈጠኝ» አለችኝ፤ የባሰ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ሙሉሰው ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁና መስቀላቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ቀስ ብለው አናገሯት።

«የብርጓል፣ እመቤታችን አጥንትሽን አምጪ አላለችሽም።»

«እኔም አጥንት አልሰጠኋት አባ። ወተት ነው የሰጠኋት።»

«የታመመ ሰው ከጾምም ይፈታል። እኔ ልፍታሽ፤ በሌላ ነገር ለውጠሽ ትሰጫለሽ።»

እናትሽ ነጠላዋን አስተካከለች። እሺ ልትል ነው ብዬ በሆዴ ስለት የተሳልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ። «አባ፣ ሰው ልጁ ሩቅ አገር ስትሆን ምን ያደርግላታል? ስትታመም ግንባሯን አልዳብስ፣ ርቧት እንደሆነ አላጎርሳት፣ ከፍቷት እንደሆነ በስልክ አትነግረኝ። እሷ ለእኛ ስትለፋ እኔ እዚህ ተቀምጬ የምሰጣት አንዳች ነገር የለኝም። ይችን አንዲት ነገር አገኘሁ። ጠዋት ላሚቱን ሳልብ፣ ጣሳው ሲሞላና ሳልቀምሰው ስቀር፣ ያን ቀን ለልጄ የሆነ ነገር ያደረግሁላት ይመስለኛል። ይችን ከፈቱብኝ በምን እናት ልሁናት?»

ቄስ ሙሉሰው መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ ውኃ ጠጥተው ወጡ። በሩ ላይ «ደመላሽ፣ ልጅቱ ትምጣ» አሉኝ።

እኔስ? እኔም ናፍቀሽኛል። ወንድ ሆኜ በስልክ ላይ ማለት ስለማይሆንልኝ እንጂ። ልጅ ሳለሽ መሥሪያዬ ውስጥ የፍቅፋቂ ክምር ላይ ተቀምጠሽ ታፏጪ ነበር፤ «ሴት ልጅ አታፏጭም» እያልኩ እቆጣሽ ነበር። አሁን መጋዙን ሳቆም ጸጥታው ያስጠላኛል። መጥተሽ ብታፏጪ ዝም ብዬ እሰማሽ ነበር፤ ሥራነሽ ብትታዘበንም ትታዘበን።

አንቺስ እዚያ ፀሐይ ታገኛለሽ? ከፎቅ ላይ ሳትወርጂ ሳምንት ያልፋል ብለሽኝ ነበር። ሐኪሟ ያለችው ሠላሳ ዓመት ላይ ነሽ። ጎተራሽ የሚሞላው አሁን ነው፤ ሳይሞላ አይቅርብሽ። ልብስ ለማስጣት ሰገነቱ ላይ ስትወጪ እጅጌሽን ሰብስበሽ ትንሽ ቆዪ። ከባድ ነገር ስታነሺ ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ ተንበርክከሽ አንሺ። ወተት በጾም ቀን ካልሆነ በቀር ጠጪ። በዚህ ቤት ውስጥ ስለት ያለባት አንዲት ሴት ትበቃናለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያን ዕለት ሐኪሟ እናትሽን ውጪ አስቀምጣ ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር። «አከርካሪዋ ያማታል እንጂ ትቆማለች። የምፈራው ዳሌዋን ነው። በዚህ አጥንት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ዳግመኛ በእግሯ መሄዷን እንጃ፤ ብዙዎቹ ከዚያ አልጋ አይነሡም» አለችኝ። ለዚህ ነው ደፉን ያነሣሁት፣ ለዚህ ነው ሌሊት የማልተኛው። እኔ የቻልኩትን እንጨት ሁሉ መታሁ። የቀረው ነገር ከእንጨት አይሠራም።

«ማርቆስ የጀመርኩት ቤት ሳያልቅ በባዶ እጄ አልመጣም» ትያለሽ። ቤት ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ቤት ቆሞ ይጠብቃል፣ ዝናብ ቢመታው ጣሪያውን አለብሰዋለሁ። ከወጣሽ መመለሻ እንደሌለሽም አውቃለሁ፤ ወረቀትሽ ጊዜው እንዳለፈ ለእናትሽ ባትነግሪያትም ለእኔ በአነጋገርሽ ገብቶኛል። ከባድ ነገር እንደምጠይቅሽ አውቄ ነው የምጠይቅሽ። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ እያልን ሰባት ዓመት ሄደ። አባት ልጁን ለመጥራት ማፈር የለበትም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አፍሬ ነበር። ነይ፣ እስከዳር። በእግሯ ቆማ ሳለች ነይ።

ይህን ስጽፍ እናትሽ ከጓሮ ጠራችኝ። ውኃ ፈልጋ ነው ብዬ ስሄድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ፀሐዩ ቀና ለማለት እየሞከረች ነበር። «የበር ልኬት ይህን ያህል አያስጽፍም» አለችኝ። «ለእስከዳር ከሆነ እናትሽ ደህና ናት በላት።» እሺ አልኳት። ቃሌን ለመጠበቅ ያህል፦ እናትሽ ደህና ናት።

እመቤታችን የምትሠሪበትን ቤት ሰዎች ልብ ታራራልሽ፤ መንገዱን ትክፈትልሽ፤ ጤናሽን ከራስ ጠጉርሽ እስከ ጥፍርሽ ትጠብቅልሽ። በወጣሽበት በር በደህና ግቢ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገርሽ። የመጣሽ ዕለት ወጉን አውቀሽ ጉልበቷን ልትስሚ መውደቅሽ አይቀርም። እናት ደግሞ ልጇ ጉልበቷ ላይ ስትወድቅ ዝም ብላ አትቆምም፤ ጎንበስ ብላ በብብትሽ ይዛ ልታነሣሽ ነው። መጎንበስም ማንሣትም ተከልክላለች፤ ያን ቀን ግን ሐኪምም እኔም ብንጮህ አትሰማም። ስለዚህ ልጄ፣ ጉልበቷን አትሳሚ። ሮጠሽም አትቀፊያት፤ ጎኗ አይችልም። ደጁ ላይ ዝም ብለሽ ቁሚና እሷ እየሄደች ትምጣልሽ። ቀርባ ስታገኚያት ከደረትሽ በላይ አትደርስም። እንዳትደነግጪባት። ከኋላዋ ቆሜ እኔ እይዛታለሁ።

አባትሽ
ደመላሽ